ከጅማ ሆኖ ማንጋን ሙያ ማድረግ፦ ከየት ይጀመራል?

የጊንጆዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ ነው፤ የምመኘው ደግሞ በማንጋ፣ በጃፓን ዓይነቱ ሥዕላዊ ታሪክ፣ መተዳደር ነው። ፊትና ልብስ መሣል አይቸግረኝም። ያልገባኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ለውድድር ወይም ለአሳታሚ የሚላክ ሥራ ስንት ገጽ ይሆናል? ወረቀቱስ መጠኑ ስንት ነው? ጂ ፔን (ቀለም እየተነከረ የሚሠመርበት የብረት ጫፍ ብዕር) እና ስክሪን ቶን (ለጥላ የሚለጠፍ ባለ ነጥብ ወረቀት) እዚህ ገበያ ላይ አይገኙም፤ በምን ይተካሉ? ክረምት ላይ ደግሞ ወረቀቱ ሁሉ ይጎረብጣል። በአማርኛ ስሠራ ገጹ እንደ ጃፓኖቹ ከቀኝ ይጀምር ወይስ ከግራ? ሥራውስ ወዴት ነው የሚላከው? «ብዙ ተለማመጂ» የሚለውን ሰምቻለሁ፤ በቁጥርና በሚሊሜትር የሚነግረኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

ገጽ ቆጣሪ

እህቴ፣ ፊትና ልብስ ካልቸገረሽ የቀረሽ ገጽ መሥራት ነው። ብዙ ጎበዝ ሠዓሊ የሚወድቀውም እዚያ ላይ ነው።

በረጅም ተከታታይ ታሪክ አትጀምሪ። መጀመሪያ በ16 ገጽ የሚያልቅ አንድ ታሪክ ሥሪ። 16 የ4 ብዜት ስለሆነ በመሐሉ ሽቦ ተመትቶ የሚታጠፍ መጽሔት ሲታተም ባዶ ገጽ አይተርፍም። አርታኢም በአንድ ቁጭታ ያነበዋል። ከዚያ ወደ 24፣ ቀጥሎም ወደ 32 ገጽ እደጊ። የ300 ገጽ ታሪክ ሦስተኛ ምዕራፍ ብቻውን ቢላክ ማንም አይፈርድበትም፤ መጀመር እንጂ መጨረስ መቻልሽን አያሳይምና።

በጥሩው ወረቀት ላይ እርሳስ ከማሳረፍሽ በፊት ጃፓኖቹ ኔም የሚሉትን ረቂቅ ጨርሺ። አንድ ኤ4 ወረቀት ለሁለት እጠፊ፤ ሁለት ፊት ለፊት የሚተያዩ ገጾች ይወጡታል። ሰዎቹ ክብና መስመር ይሁኑ፤ ንግግሩ ግን በሙሉ፣ በትክክለኛ ቃሉ ይጻፍ። ሥዕሉን ጨርሶ ንግግሩን በኋላ መክተት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ፊኛው (ንግግሩ የሚጻፍበት ክብ) ቦታ ያጣና የሰው ፊት ላይ ያርፋል። ረቂቁ ሲያልቅ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ስጪው። ሲያነብ ምንም አታስረጂ፤ ዓይኑን ብቻ ተከታተዪ። ወደ ኋላ የተመለሰበት ሣጥን ሁሉ እንደገና ይሠራል። ረቂቅን ሁለት ሦስቴ መቀየር ርካሽ ነው፤ ቀለም የገባበትን ገጽ መቀየር ግን የቀናት ሥራ ይበላል።

በአንድ ገጽ 5 ወይም 6 ሣጥን ይበቃል። ከ7 ሲያልፍ ሁሉም እኩል ትንሽ ይሆንና ዋናው ነገር ይጠፋል። በየገጹ የትኛው ሣጥን ትልቁ እንደሆነ አስቀድመሽ ወስኚ። ጎን ለጎን ባሉ ሣጥኖች መካከል 3 ሚሊሜትር፣ በላይኛውና በታችኛው ረድፍ መካከል ደግሞ 7 ሚሊሜትር ያህል ተዪ። ሁለቱ ክፍተቶች እኩል ከሆኑ አንባቢው ወደ ጎን ይሂድ ወደ ታች ይውረድ ግራ ይጋባል።

ገጹ የሚገለጥበትን ቦታ ማወቅ ትልቅ ጉዳይ ነው። በግራ በሚጀምር መጽሔት 1ኛው ገጽ በቀኝ በኩል ብቻውን ይቆማል፤ 2 እና 3፣ 4 እና 5 ይተያያሉ። ስለዚህ አንባቢው የሚገልጠው ጎዶሎ ቁጥር ያለው ገጽ ሲያልቅ ነው። ጥያቄው፣ የበሩ ድምፅ፣ የደነገጠው ፊት በጎዶሎው ገጽ የመጨረሻ ሣጥን ላይ ይሁን፤ በሩን የከፈተው ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ሙሉ ቁጥር ገጽ አናት ላይ። ይህ ሲሳት ምሥጢሩ ፊት ለፊት ባለው ገጽ ላይ ቀድሞ ይታያል፤ ጥሩ ታሪክ በዚህ ብቻ ይቀዘቅዛል።

ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ በመካከላቸው አንድ መስመር አለ ብለሽ አስቢና ዕይታሽን ከመስመሩ አንድ ወገን ብቻ አድርጊ። ወደ ማዶ ከተሻገርሽ ግራ የነበረው ሰው ቀኝ ይሆንና ማን እንደሚናገር ይምታታል። በግራ በሚጀምር ገጽ ላይ ቀድሞ የሚናገረው በግራ ይቁም፤ ካልሆነ የፊኛዎቹ ጭራ ይጠላለፋል።

ስለ ዳራ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ፊት ብቻ የሞላበት ሥራ የትም አይደርስም። ትዕይንቱ በተለወጠ ቁጥር ቦታውን በሙሉ የሚያሳይ አንድ ሣጥን ያስፈልጋል፤ ከአድማስ መስመርና ከመሸሻ ነጥብ (ትይዩ መስመሮች ርቀው የሚገናኙበት ከሚመስለው ቦታ) ጋር። ለዚህ ደግሞ ጅማ የታደለች ናት። ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነቱ፣ ዓምዱና ደረጃው ፐርስፔክቲቭ (ርቀትንና ጥልቀትን በሥዕል ማሳየት) ለመለማመድ የተመቸ ነው። ሄደሽ ከአንድ ጥግ፣ ከታች ወደ ላይና ከሰገነቱ ወደ ግቢው ሣዪው። ከአንድ እንጨት የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማም ክብ ነገርን በተለያየ ከፍታ ለማየት ይጠቅማል፤ መቀመጫው ከዓይን መስመርሽ በታች ሲወርድ ሞላላው እየሰፋ ይሄዳል። ቶኪዮን ከፎቶ ከመቅዳት የምታውቂውን ጎዳና በትክክል መሣል አንባቢን ያሳምናል።

ቀለም ቀንድ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔ ወደ ወረቀትና ቀለም ልግባ።

በጃፓን ለአሳታሚ የሚሠራበት ወረቀት ቢ4 ነው፤ 257 በ364 ሚሊሜትር። የሚቆረጥበት መስመር 220 በ310፣ ዋናው ሥዕል የሚያርፍበት ውስጠኛ ሣጥን 180 በ270 ነው። ይህ ወረቀት እዚህ ለማግኘት ያስቸግራል፤ ቢገኝም የፎቶ ኮፒ ቤት ስካነር አብዛኛው ኤ4 ነው። ስለዚህ ኤ4 ላይ ሥሪ፤ እዚያው ጃፓን በራሳቸው የሚያሳትሙት የሚጠቀሙበት መጠን ነው። መሐሉ ላይ 182 በ257 የመቁረጫ መስመር፣ በውስጡ 150 በ220 ዋና ሣጥን አስምሪ። ጽሑፍና ፊት ከውስጠኛው ሣጥን አይውጣ። ሥዕሉ እስከ ገጹ ጠርዝ እንዲሄድ ከፈለግሽ ደግሞ ከመቁረጫው አልፎ 5 ሚሊሜትር ይቀጥል፤ አለበለዚያ መቁረጫው ትንሽ ሲዛነፍ ነጭ ክር ይተርፋል።

80 ግራሙ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ለረቂቅ ብቻ ነው፤ ቀለሙ በክሮቹ ውስጥ ይሰርጋል፣ የመስመሩ ጠርዝ ይበተናል። ከ160 ግራም በላይ የሆነ ለስላሳ ወፍራም ወረቀት ፈልጊ፤ ብሪስቶል ከተገኘ በጣም ጥሩ። ስትገዪ በጥግ ላይ በቀለም አስምረሽ ሞክሪው።

ጂ ፔን ከሌለ የአርክቴክቸርና የሲቪል ተማሪዎች የሚገለገሉበትን ቴክኒካል ብዕር በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ጠይቂ። 0.8 ሚሊሜትሩ ለሣጥኑ ክፈፍ፣ 0.5 ለሰውነት ዙሪያ፣ 0.3 ለዓይንና ለልብስ እጥፋት። 0.1 በጣም በትልቅ ፊት ላይ ካልሆነ ሲታተም ይሰበራል ወይም ይጠፋል። የነዚህ ብዕሮች ችግር መስመራቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። መፍትሔው ተመልሶ ማወፈር ነው፦ አገጭ ሥር፣ ብብት፣ ልብስ የሚታጠፍበት፣ እግር መሬት የሚነካበት ላይ ሁለተኛ ጭረት ጨምሪ፤ ብርሃን ያለበትን ወገን ቀጭን ተዪው። ጸጉርና ሙሉ ጥቁር ቦታ በብሩሽ ብዕር ይሞላ። እስክሪብቶ ግን አይሆንም፤ ያብለጨልጫል፣ ስካነሩም ግራጫ አድርጎ ያነበዋል።

ወደ ክረምቱ እንምጣ። ወረቀት ከአየሩ እርጥበት ሲጠጣ ክሮቹ በአንድ አቅጣጫ ይበልጥ ያብጣሉ፤ መጎርበጡ ከዚያ ነው። የምትሠሪበትን አንድ ወረቀት ብቻ አውጪ፤ ሌላው በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ፣ ሰሌዳ ተጭኖት ተጋድሞ ይቀመጥ። ከሰል አጠገብ ማድረቅ ነገሩን ያባብሳል፤ አንዱ ወገን ቀድሞ ይደርቅና ይጠቀለላል። ቀለሙም ቶሎ አይደርቅም፤ እርሳሱን ከማጥፋትሽ በፊት ሌሊቱን አሳድሪው። ስታጠፊ ወረቀቱን በሌላ እጅሽ ይዘሽ ከመሐል ወደ ጠርዝ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ከመዳፍሽ ሥር ንጹሕ ወረቀት አንጥፊ።

ስካን ስታስደርጊ «600 ዲፒአይ፣ በቲፍ ወይም በፒኤንጂ» ብለሽ አስረግጠሽ ተናገሪ። ዝም ካልሽ ብዙ ጊዜ በ200 ወይም በ300 ፒዲኤፍ ተደርጎ ይሰጥሻል፤ የመስመሩ ጠርዝ ይቆሽሻል። በፍላሽ ተቀበዪ። በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክልሽ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል።

ቶኑን ከስካን በኋላ በኮምፒውተር አድርጊው። ክሪታና ሜዲባንግ በነፃ ይገኛሉ፤ ክሊፕ ስቱዲዮ ለማንጋ ከሁሉ የተሟላ ነው፣ ግን ይከፈልበታል። ነጥቡ በኢንች 60 መስመር፣ ጥቁረቱ 10፣ 20 ወይም 30 በመቶ ይሁን፤ ከ40 ሲያልፍ በርካሽ ህትመት ላይ ጭቃ ይመስላል። ቶን የሚለጠፈው ገጹ የመጨረሻ መጠኑን ከያዘ በኋላ ነው። ቶን ያለበትን ገጽ ካሳነስሽ ነጥቦቹ ከፒክሰሉ መስመር ጋር ይጋጩና ሞዋሬ የሚባለው ማዕበል መሰል ቅርጽ ይወጣል። ሁለት የተለያየ መስመር ያላቸውን ቶኖች መደራረብም ያንኑ ያመጣል።

የጊንጆዋ

ጋሼ ቀለም ቀንድ፣ ገጽ ቆጣሪ፣ በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ኮምፒውተር የለኝም። ሁሉንም በስልክ መሥራት ይቻላል?

ቀለም ቀንድ

ለህትመት የሚሆን ገጽ በስልክ ብቻ ከባድ ነው። 182 በ257 ሚሊሜትር በ600 ዲፒአይ 4299 በ6071 ፒክሰል ይሆናል፤ አንዱ የቀለም ሌየር (ንብርብር) ብቻውን 104 ሜጋባይት ያህል ሜሞሪ ይይዛል። ስምንት ሌየር ስትከፍቺ ስልኩ ሊቆም ይችላል። ረቂቁን በስልክ፣ ቀለሙን በወረቀት ሥሪ፤ ቶኑን ደግሞ ኮምፒውተር የምታገኚ ቀን ብዙ ገጽ አጠራቅመሽ ጨርሺ። ወይም ወደ ታች እየተንሸራተተ የሚነበበውን ዓይነት ምረጪ። ዌብቱን በተባለው የኢንተርኔት መድረክ ላይ ማንም ሥራውን በሚለቅበት ካንቫስ በተባለው ክፍል አንዱ ምስል 800 በ1280 ፒክሰል ነው። በ1600 ስፋት ሠርተሽ ስትጨርሺ አሳንሺው፤ ስልክ ይችለዋል። መብራት ሲጠፋ እንዳይጠፋብሽ በየገጹ አዲስ ስም እየሰጠሽ አስቀምጪ፣ አንድ ቅጂ ሁልጊዜ ከስልኩ ውጪ ይኑር።

ሁለት ነጥብ

የአቅጣጫው ጥያቄ አልተመለሰም። በአማርኛ ከሆነ ያለማመንታት ከግራ ወደ ቀኝ። ፊደላችን ወደ ቀኝ እየሄደ ሣጥኖቹ ወደ ግራ ከሄዱ ዓይን በየፊኛው መዞር አለበት። ለጃፓን አሳታሚ ብቻ የምትሠሪው ሥራ ካለ እሱን ከመጀመሪያው ረቂቅ ጀምረሽ ከቀኝ ሥሪው። ያለቀን ገጽ በመስታወት መገልበጥ አይበጅም፤ ቀኝ እጅ ግራ ይሆናል፣ የፊት መዛነፍም ገሃድ ይወጣል።

ሌላው ፊኛው ነው። ጃፓንኛ ወደ ታች ስለሚጻፍ ፊኛቸው ረጅምና ቀጭን ነው፤ ያንን ቅርጽ ከቀዳሽ አማርኛው አይገባበትም። «እንዲያስታውሷቸው» የሚለው አንድ ቃል ብቻውን አንድ መስመር ይወስዳል። ፊኛውን በስፋት ሥሪው። ቃል አትቁረጪ፤ ፊኛው ካልበቃ ንግግሩን አሳጥሪ። በአንድ ፊኛ ከ12 ቃል በላይ አይሁን። በቢ5 (182 በ257) ገጽ ላይ ፊደሉ ከ9 ፖይንት አይነስ፤ ጭ፣ ጵ፣ ሟ የመሳሰሉት ከዚያ በታች ይደፈናሉ። ፎንቱ ዩኒኮድ ይሁን፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃ ነው፣ ቀጭንና ወፍራም አለው። ዩኒኮድ ባልሆነ በድሮ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል፤ ማተሚያ ቤት ላይ ይህ ቢደርስ የሚታረምበት ጊዜ የለም።

የድምፅ ቃላቱን ከእንግሊዝኛ አትውሰጂ። ዷ፣ ኳ ኳ፣ ሽው፣ ዱብ፣ ጠብ ጠብ፣ ብልጭ፤ አማርኛ ሀብታም ነው። ማንጋ ዝምታንም በድምፅ ይጽፋል፤ እኛም «እርጭ» አለን። እነዚህን በፎንት ሳይሆን በእጅሽ፣ ከሥዕሉ ጋር አብረሽ ቅረጪያቸው፤ የፊደሉ ውፍረት የድምፁን ኃይል ይናገራል።

የሚላክበትን በተመለከተ፦ የጃፓን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በ2007 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ዓለም አቀፍ የማንጋ ሽልማት አለ። ከ24 ገጽ ያላነሰና ባለፉት 3 ዓመታት የተሠራ ሥራ ይቀበላል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ሥራሽን 24 ገጽ አድርጊው። ዝርዝሩን አዲስ አበባ ካለው የጃፓን ኤምባሲ ጠይቂ፤ የአማርኛ ሥራ ከሆነ ገጽ በገጽ፣ ሣጥን በሣጥን የተቆጠረ የእንግሊዝኛ ትርጉም አዘጋጂለት። ሳይለንት ማንጋ ኦዲሽን ደግሞ ንግግር የሌለበት ሥራ የሚወዳደርበት ነው። ለእኛ ቋንቋው እንቅፋት ስለማይሆን የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ነው፤ ታሪክን በዓይን ብቻ መናገርም ያስተምራል። የጃፓኑ አሳታሚ ሹኤይሻ ከሜዲባንግ ጋር በ2022 (እ.ኤ.አ.) የከፈተው ማንጋ ፕላስ ክሪኤተርስ የተባለ የኢንተርኔት መድረክ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ሥራ ይቀበላል። ደንቡ በየዙሩ ስለሚለወጥ ገጽ ከመቁጠርሽ በፊት የዙሩን አንብቢ።

ገጽ ቆጣሪ

በሁለት ነጥብ ሐሳብ ላይ ስለ ውል አንድ ነገር ልጨምር። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራሽ ወረቀት ላይ እንዳረፈ ጥበቃ ያገኛል፤ ምዝገባ ግዴታ አይደለም፤ የኢኮኖሚ መብቱም ዕድሜሽን ሙሉና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ግን በፊርማሽ ልትሰጪው ትችያለሽ። አሳታሚ ውል ሲያቀርብልሽ የሚወስደው የትኛውን ቋንቋ፣ የህትመት ወይስ የዲጂታል መብቱን፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ ተጽፎ ይታይ። «ሁሉም መብት፣ ለዘለዓለም» የሚል ከሆነ ገጸ ባሕርይሽን ለሌላ ታሪክ እንኳ መጠቀም አትችዪም። ክፍያው በገጽ ነው ወይስ ከሽያጩ በመቶኛ? ገንዘቡ በምን መንገድ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ እንደሚገባም ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ። ለውድድር ስትልኪም ደንቡ ውስጥ አሸናፊ ላልሆነ ሥራ መብቱ ከማን ጋር እንደሚቀር የሚለውን አንቀጽ ፈልጊ።

ኦሪጅናሉን ወረቀት ለማንም አትላኪ፤ የሚላከው ስካኑ ነው።