ከእኩል ምልክት ቀጥሎ ሁልጊዜ መልስ ለሚጽፉ ተማሪዎች ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ የ2ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር ስሆን፣ በሥራው የቆያችሁ መምህራን እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ተማሪዎቼ 8 + 4 ስንት እንደሆነ ሲጠየቁ አይቸገሩም፤ 8 + 4 = □ + 5 ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ግን አብዛኞቹ ሳጥኑ ውስጥ 12 ይሞላሉ፣ አንዳንዶቹም ያዩትን ቁጥር ሁሉ ደምረው 17 ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ይህንኑ ጥያቄ የቀረበላቸው የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ 12 ወይም 17 ብለው እንደነበር አንብቤያለሁ፤ ይህ ግን ከማጽናናት ይልቅ አስደነገጠኝ፤ ልማዱ በራሱ ጊዜ እንደማይለቅ ያሳያልና።

ባለ ሁለት ሳህን ሚዛንና የለስላሳ ቆርኪዎች ይዤ ሞከርኩ። አንዲት ተማሪ በአንዱ ሳህን 8 እና 4፣ በሌላው 5 ቆርኪ አድርጋ፣ ሚዛኑ እስኪስተካከል አንድ በአንድ እየጨመረች 7 ላይ ቆመች። ወዲያው ደብተሯ ላይ ግን 12 ጻፈች። ምክንያቷን ስጠይቃት «ቲቸር፣ ከምልክቱ በኋላ እኮ መልስ ነው የሚጻፈው» አለችኝ። እውነት ለመናገር አልፈርድባትም፤ የምንሠራቸው መልመጃዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም መልሳቸው በስተቀኝ ነው።

ሚዛኑን ትቼ 7 = 3 + 4 እና 6 = 6 የመሳሰሉትን «እውነት ወይስ ሐሰት» እያልኩ ባከራክራቸው ይሻላል? ደግሞስ 5 ከ4 በአንድ ስለሚበልጥ ሳጥኑ ከ8 በአንድ ማነስ እንዳለበት፣ ሳይደምሩ እንዲያስተውሉ ያደረጋችሁ ካላችሁ፣ በምን ዓይነት ጥያቄ ጀመራችሁ?