ብሽሽት የሚያደነዝዝ ኮርቻ፦ ለስላሳ ልግዛ ወይስ ሰፊ?

ፔዳል_ገፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ብስክሌት ላይ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ምንም አይልም። ከዚያ መቀመጫዬን ያመኛል፤ ሰዓት ሲሞላ ደግሞ ብሽሽቴ አካባቢ መደንዘዝ ይጀምራል። ኮርቻው ጠባብና ደረቅ ነው፤ መሪው ከኮርቻው ጋር እኩል ከፍታ ላይ ነው። የጄል ልባስ ላልብሰው ወይስ ወፍራም ስፖንጅ ያለው አዲስ ልግዛ?

ቱንቢ፦
ሁለቱንም ተዋቸው። ልስላሴ የሚያታልለው ሱቅ ውስጥ በጣት ሲጫኑት ነው። ወፍራም ስፖንጅ ወይም ጄል ላይ ስትቀመጥ ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶችህ ይሰምጣሉ፤ የተገፋው ስፖንጅ መሃል ላይ ይነሳና ነርቭና የደም ሥር የሚያልፉበትን ለስላሳ ቦታ ከታች ይጫነዋል። ለአጭር መንገድ ደስ ይላል፣ ለረጅም ግን መደንዘዙን ያባብሰዋል።

የሚያስፈልግህ ትክክለኛ ስፋት ነው። ውስጡ ሞገድ ያለው ካርቶን ጠንካራና ጠፍጣፋ ወንበር ላይ አንጥፍ። በስስ ልብስ ተቀመጥበት፣ መሪ እንደያዝክ ወደ ፊት ጎንበስ በል፣ ተረከዝህን ትንሽ አንሳና አንድ ደቂቃ ቆይ። ስትነሳ ሁለት ጎድጓዳ ምልክቶች ታያለህ፤ ካልታዩህ ጠመኔ በጎኑ አስተኝተህ እሸው። ከአንዱ ጉድጓድ መሃል እስከ ሌላው መሃል ለካ። በአንተ አቀማመጥ 20 ሚሊሜትር ገደማ ጨምርበት፤ ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ ሰው 30 እና ከዚያ በላይ፣ በጣም የሚያጎነብስ 10 ያህል ይበቃዋል። የሚጨመረው የኮርቻው ጠርዝ ወደ ታች ስለሚታጠፍ ነው፤ አጥንት ማረፍ ያለበት ጠርዙ ላይ ሳይሆን ጠፍጣፋው ላይ ነው።

ዳዶ_7፦
ስለ ስፋቱ እስማማለሁ፤ ግን ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ያለውን በደንብ አስተካክለው። መደንዘዝ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አፍንጫው ሽቅብ ካየ ኮርቻ ነው።

መጀመሪያ ከፍታ። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትህ ቀጥ ማለት አለበት፤ በፊተኛው የእግርህ መዳፍ ስትረግጥ ትንሽ መታጠፍ ይቀርለታል። ከዚህ ከፍ ካለ ዳሌህ ግራና ቀኝ ይወዛወዝና ቆዳህን ይልጠዋል። ኮርቻውን የተሸከመውን ዘንግ ስታወጣ የተቀረጸበትን የመጨረሻ መስመር እንዳታልፍ፣ ይሰበራል።

ከዚያ ዝንባሌ። ብስክሌቱን ሜዳ ላይ አቁም፣ ኮርቻው ላይ ጠፍጣፋ ጣውላ፣ በላዩ ውሃ ልክ። ውሃ ልኩ እኩል ከሚያሳይበት ጀምር። አሁንም ከደነዘዘህ አፍንጫውን 1 ዲግሪ ዝቅ አድርግና ነድተህ ሞክር። ከ3 ዲግሪ በላይ ከወረደ ወደ ፊት እየተንሸራተትክ ክብደትህን ሁሉ በእጅህ ትሸከማለህ፤ ያኔ የሚደነዝዘው መዳፍህ ይሆናል።

ቱንቢ፦
በጣውላው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ኋላው ጉብ ያለ ኮርቻ ከሆነ ጣውላው ይዋሻል። ፊተኛውን ግማሽ ብቻ ለካ።

ግራሶ፦
ቁምጣውንም አትርሱ። ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ያለ ውስጥ ሱሪ ነው የሚለበሰው፤ የውስጥ ሱሪ ስፌት ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚልጠው። በየ10 ደቂቃው ለጥቂት ሰኮንድ ከኮርቻው ተነስተህ ንዳ፣ ደም ይመለሳል። ከወረድክ በኋላም መደንዘዙ የማይለቅ ከሆነ ግን ጉዳዩ የሐኪም ነው።

ፔዳል_ገፊ፦
አመሰግናለሁ። ካርቶኑ 118 ሚሊሜትር ሰጠኝ። ያየሁት ኮርቻ 143 ነው፣ መሃሉ ክፍት። ከሥሩ ያሉት ሁለት ዘንጎች ግን ካርቦን ናቸው፤ አሁን ያለው ማሰሪያ ይይዛቸዋል?

ዳዶ_7፦
118 ሲደመር 20፣ 138 ነው፤ 143 ይሆንሃል። ዘንጎቹን ግን ተጠንቀቅ። የብረቱ ክብና 7 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ነው፤ የካርቦኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞላላ ነው፣ 7 በ9። ከጎን የሚይዝ ለክብ ዘንግ የተሠራ ማሰሪያ ሞላላውን ጠርዙ ላይ ይነክሰውና ይሰነጥቀዋል። ማሰሪያውን ካልቀየርክ ባለ ብረት ዘንጉን ግዛ፤ ምቾቱ ላይ ያን ያህል ለውጥ የለውም።

ስትገጥም አሮጌውን ከመፍታትህ በፊት ከፔዳሉ ክንድ መዞሪያ መሃል እስከ ኮርቻው ላይኛ ገጽ ያለውን በሜትር ለካና ጻፈው። አዲሱ ወፍራም ወይም ቀጭን ሊሆን ስለሚችል ኮርቻውን በተሸከመው ዘንግ ላይ በፕላስተር ምልክት ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ማሰሪያው ባለ ሁለት ብሎን ከሆነ እያፈራረቅህ ጥቂት ጥቂት አጥብቅ፣ የማጥበቂያው ልክ ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ በኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ተጽፏል። ባለ አንድ ብሎን ከሆነ ጥርሶቹ በትክክል መግጠማቸውን እያየህ እሰር፤ ጥርስ በጥርስ ላይ ከቆመ መጀመሪያው ጉድጓድ ላይ አፍንጫው ይወርዳል።