ጥቆማ፦ ለቆየ መኪና የመሪ ቱቦና ዘይት ከየት ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በፈረንጆች የ1998 ኮሮላ አለኝ። ጠዋት መሪ ስጠመዝዝ ያቃስታል፣ የመሪ ዘይቱም ይጎድላል። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ቱቦ ልግዛ ወይስ አዲስ ላሠራ? የትኛውን ዘይት ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የትኛው ቱቦ እንደሚያፈስ ለይ። ወደ ገንዳው (የመሪ ዘይቱ ወደሚሞላበት ዕቃ) የሚመለሰው ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ አያስቸግርም፤ ዘይት የሚችል ጎማ በሜትር ገዝተህ በአዲስ ፋሸታ (በብረት ማሰሪያ) ታስረዋለህ። የውሃ ቱቦ ግን እንዳይገጥሙብህ፣ ዘይቱ ያሳብጠዋል።

ከፓምፑ ወደ መሪው ሳጥን የሚሄደው ሌላ ጉዳይ ነው። መሪው ጥግ ሲደርስ ግፊቱ ከ70 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ የጎማህ ንፋስ እኮ 2 ባር ገደማ ነው! ይህን በፋሸታ አስሬ ልስጥህ የሚል መካኒክ ካጋጠመህ መኪናህን ይዘህ ውጣ። ለዚህ የምጠቁምህ ለሎደርና ለገልባጭ የሃይድሮሊክ ቱቦ ፕሬስ የሚያደርጉ ቤቶችን ነው። ቱቦውን አስፈትተህ ውሰድላቸው፤ የጫፎቹን ብረት ተጠቅመው አዲስ ጎማ ይጨምቁበታል።

ሶማሌ ተራ ለፓምፕና ለገንዳ ጥሩ ነው። ጎማ ግን ተቀምጦም ያረጃል፤ ያንተ ቱቦ ብረቱ ከተበላ ብቻ ያገለገለውን ለብረቱ ስትል ግዛና ጎማውን አስቀይር።

ዘይቱን በማርካ አትምረጥ፣ የገንዳውን ክዳን አንብብ። ያንተ ኮሮላ ዴክስሮን 2 ወይም 3 ነው የሚፈልገው፣ ቀዩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት። ጣሳው ላይ ደረጃው ከተጻፈ ከኖክም፣ ከቶታልም፣ ከኦላም ብትገዛ ያው ነው። ሆንዳ ያላችሁ ግን የራሱን ብቻ ጨምሩ። የፍሬን ዘይት በፍጹም እንዳይገባ፣ ጎሚኒውን (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገውን ላስቲክ) ይጨርሰዋል። ማፍሰስ ያቆማል ተብሎ የሚሸጠውን ፈሳሽም አልመክርም፤ የተሰነጠቀ ቱቦ አይደፍንም።

ሌላ መልስ፦ ሁሉንም እደግፋለሁ። ወንድማችን ቱቦውን ከማስፈታትህ በፊት ግን ቺንጋው (ፓምፑን የሚያዞረው ቀበቶ) አለመላላቱን እይ፣ ማቃሰቱ ከእሱም ሊሆን ይችላል። ገንዳው ውስጥ አረፋ ካለ ደግሞ ንፋስ እየሳበ ነው፤ ከገንዳው ወደ ፓምፑ የሚወርደውን አጭር ቱቦ ፈትሽ። ዘይቱ ከጠቆረ በትልቅ ሲሪንጅ ከገንዳው ሳብና አዲስ ሙላ፣ መሪውን ግራ ቀኝ አዙር፣ እስኪጠራ ድረስ ደጋግም። ጥግ ላይ ከ5 ሰከንድ በላይ አትያዘው፣ ፓምፑ ይግላል። ቪትዝ የያዛችሁ ደግሞ ይህን ዘይት ፍለጋ አትድከሙ፤ የብዙዎቹ መሪ በኤሌክትሪክ ነው።