ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ጨዋታ፦ ሂለራችን (አካሚው) ወጥቶብናል፤ ድሩይድ (ቅርጹን የሚቀያይረው ገጸ ባሕርይ) ታንክም (የጠላትን ምት የሚቀበለው) ሂለርም በአንድ ጊዜ መሆን ይችላል? (አስቸኳይ)

ዋርካ፦
ጤና ይስጥልኝ። እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ፤ ፓርቲው እየጠበቀኝ ነው። ስካርሌት ሞናስተሪ ካቴድራል በሚባለው ዳንጀን (ቡድን ገብቶ የሚዋጋበት ስፍራ) ውስጥ አለቃው ጠላት ሞግሬይን ፊት ደርሰን ሳለ ሂለራችን ድንገት ወጣ። የቀሩት ጓደኞቼ «ድሩይድ ስለሆንክ በድብ ቅርጽ ታንክ እያደረግህ፣ በመሃል እየወጣህ አክመን» ይሉኛል። ሞክረነው ሁላችንም ሞትን፤ ቅርጽ ጥቂት እንደቀያየርኩ ማናዬ (የድግምት ኃይሌ) ያልቃል። ምን ላድርግ?

ነብሮ፦
ወንድሜ፣ የትኛው እትም እንደሆነ፣ ሌቨልህ ስንት እንደሆነና ታለንትህን (የችሎታ ነጥቦችህን) የት እንዳስገባህ ሳትነግረን መመለስ ይከብዳል። ለጊዜው ግን ከድብ ቅርጽ ውጣና አክም።

ጣና፦
ሌሎችም እንዲያነቡት ከመሠረቱ ላስረዳ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ ጀምሮ ድሩይድ ታንክ መሆን፣ ማከም፣ በድመት ቅርጽ መምታትና ድግምት መወርወር የሚችል ክላስ (የገጸ ባሕርይ ዓይነት) ነው። በክላሲክ (በድሮው) እትም የድብ ቅርጽ በሌቨል 10፣ የድመቱ በ20፣ ከልብስ የሚገኘውን ጋሻነት ይበልጥ የሚያበዛው ዳየር ቤር ደግሞ በ40 ይገኛል። ከቅርጽ መውጣት ምንም ማና አያስከፍልም፤ ተመልሶ መግባት ግን ያስከፍላል፤ ስለዚህ ማናዎን የሚበላው ሕክምናው ብቻ ሳይሆን መመላለሱ ነው። በዚያ ላይ ማና ያወጣ ሰው ለ5 ሰኮንድ ያህል ከስፒሪት (ማናን ከሚሞላው ባሕርይ) የሚያገኘው ማና ይቆምበታል፤ በየጥቂት ሰኮንዱ የሚቀያይር ድሩይድ ማናው የሚሞላበት ፋታ የለውም። ይህ ማለት ግን ክላሱ ደካማ ነው ማለት አይደለም። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

ዘብ፦
ምሳሌው ራሱ አንዱ ሲሰበር በሌላው ተንጠልጠል ይላል እንጂ በሁለቱም በአንድ ጊዜ ተንጠልጠል አይልም። ጥያቄው ከመነሻው ልክ አይደለም። ከድብ ቅርጽ በወጣህባት ቅጽበት የድቡ ጋሻነት አብሮ ይጠፋል፤ ሞግሬይን የሚመታህ ያን ጊዜ ነው። ጓደኞችህ የጠየቁህ ሁለት ሰው እንድትሆን ነው። ከመካከላቸው ጋሻ መያዝ የሚችል የለም?

ዋርካ፦
ክላሲክ ነው፤ ሌቨሌ 37፣ ታለንቴ በሙሉ ፌራል (የድብና የድመት ቅርጽ ዘርፍ) ነው። የቀሩት ዋሪየር (ተዋጊ)፣ ሜጅ (አስማተኛ) እና ሮግ (አድብቶ መቺ) ናቸው። ዋሪየሩ ባለሁለት እጅ ሰይፍ ነው የሚይዘው፤ ታንክ መሆን አልፈልግም ይላል። ፌራል ሆኜ ማከምስ እችላለሁ?

አባ ዝምታ፦
ትችላለህ፤ በዚህ ሌቨል ለባለ አምስት ሰው ዳንጀን ታለንቱ አያግድህም። ዋሪየሩን በትሕትና ለምነው፤ ቦርሳው ውስጥ ማንኛውም ጋሻ ካለው ይያዝና ዲፌንሲቭ ስታንስ (የመከላከያ አቋም) ላይ ይቁም። አንተ ኢንተለክት (ማናን የሚያበዛው) እና ስፒሪት ያለውን ልብስ፣ ጨርቅም ቢሆን፣ አሁኑኑ ልበስ፤ ውጊያ ከተጀመረ መሣሪያ እንጂ ልብስ መቀየር አይቻልም። ሜጁ ውኃ ይሥራላችሁና ማናህ እስኪሞላ ጠጣ። ሞግሬይንን ስትነኩት ካቴድራሉ ውስጥ የቀሩት ሁሉ ተጠራርተው ስለሚመጡ አስቀድማችሁ ጎንና ጎኑን አጽዱ።

ስታክም ሂሊንግ ተች የሚባለውን የሕክምና ድግምት በትልቁ ደረጃ ደጋግመህ አትተኩስ። ሪጁቪኔሽን (ቀስ በቀስ የሚያክመውን) ዋሪየሩ ላይ አኑር፣ ከዚያ ዝቅተኛ ደረጃ ያለውን ሂሊንግ ተች ተጠቀም፤ ማናህ የሚተርፈው በዚህ ነው። ሞግሬይን ሲወድቅ አልቋል ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሁለተኛዋ አለቃ ዋይትሜን ትወጣለች፣ ጤናዋ ወደ ግማሽ ሲወርድ ሁላችሁንም አስተኝታ እሱን ታስነሳዋለች። ስትነቁ ዋሪየሩ ሁለቱንም እስኪመታቸው ድረስ ለማከም አትቸኩል፤ ቸኩለህ ካከምክ ወደ አንተ ይዞራሉ። ራሷንም እሱንም ስለምታክም ሜጁ በካውንተርስፔል፣ ሮጉ በኪክ ድግምቷን ተራ በተራ ያቋርጡባት።

ነብሮ፦
እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ከድብ ቅርጽ ውጣና አክም።

ዘብ፦
አባ ዝምታ ትክክል ነው፤ ድቡን ግን ጨርሶ አትርሳው። ዋሪየሩ ከሞተና ጠላቱ ትንሽ ጤና ብቻ ከቀረው ድብ ሆነህ በግራውል ወደ ራስህ ሳበውና ሜጁና ሮጉ ይጨርሱት። ድሩይድ በአንድ ውጊያ አንዴ ሲቀየር ነው የሚጠቅመው። ከቅርጽ መውጫውን ካንስልፎርም የሚለውን ትእዛዝ በማክሮ (ትእዛዝ በሚጻፍበት አቋራጭ) አስገብተህ አንድ ቁልፍ ላይ አድርገው፤ በጭንቀት ሰዓት አዶ መፈለግ ሰው ያስገድላል።

ጣና፦
አንድ ነገር ልጨምር። በውጊያ መካከል የሞተን ሰው የሚያስነሳው የድሩይድ ድግምት ሪበርዝ ዘር ይፈልጋል፤ በሌቨል 30 የተማሩት ደረጃ ስትራንግልቶርን ሲድ ነው የሚጠይቀው፤ የአስማት ዕቃ ሻጮች ጋ ይገኛል። አንዴ ከተጠቀሙበት 30 ደቂቃ ስለሚያስጠብቅ ለሮጉ ሳይሆን ለዋሪየሩ ያቆዩት። ዘሩ ቦርሳዎ ውስጥ መኖሩን ሞግሬይንን ከመንካትዎ በፊት ይመልከቱ፤ ከሌለ ለዋሪየሩ አስቀድመው ይንገሩት፤ እንዳለ አስቦ ራሱን አጋልጦ እንዳይዋጋ።