ከርል 401 እያለ አስቸገረኝ፣ ቶክኑ ግን ትክክል ነው

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ ከትናንት ማታ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። አንድ የክፍያ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መንገድ) ከተርሚናል ቴስት እያደረግኩ ነው፣ ሎጊን አድርጌ ቶክኑን (ማንነቴን የሚያረጋግጠውን ኮድ) እቀበላለሁ፣ ከዛ በከርል (ከተርሚናል ሪኩዌስት በሚልከው ፕሮግራም) ስልከው 401 (ማንነትህ አልተረጋገጠም) ይለኛል፣ ባለፈው ሳምንት ይሄው ስክሪፕት 200 (ተሳክቷል) ነበር የሚመልሰው።

መጀመሪያ ቶክኑን የያዘውን ቫሪያብል በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ከትቼው ይሆናል ብዬ አየሁ (በነጠላ ከሆነ ሼሉ አይተካውም፣ የዶላር ምልክቱን እንዳለ ነው የሚልከው፣ አንዴ አሳብዶኛል)፣ ግን ድርብ ነው። ቶክኑም ጊዜው አላለፈም።

ከዛ በቨርቦዝ (ዝርዝሩን በሚያሳየው ኦፕሽን) ሳየው ለካ ሰርቨሩ 301 (አድራሻው ተቀይሯል) ብሎ ወደ ሌላ ዶሜይን ይመራኛል፣ እኔ ደግሞ ሪዳይሬክት እንዲከተል ትልቋን ኤል (-L) ጨምሬያለሁ፣ ሁለተኛው ሪኩዌስት ላይ ኦቶራይዜሽን ሄደሩ (ቶክኑን የሚይዘው መስመር) የለም፣ ጭራሽ ፖስት (ዳታ የሚልክ ሪኩዌስት) የነበረው ጌት (ዳታ የሚጠይቅ) ሆኖ ነው የሚሄደው!

ሎኬሽን ትረስትድ (--location-trusted) የሚለውን ኦፕሽን ብጨምር ሄደሩን ይዞ ይሄዳል፣ ግን ወደየትም ቢመራኝ ቶክኔን ስለሚያድል ፈራሁ፣ የክፍያ ነገር ነዋ። አዲሱን አድራሻ ስክሪፕቱ ውስጥ በቀጥታ ልጻፈው ወይስ ሌላ ዘዴ አለ? ፖስቱስ ጌት እንዳይሆን ምን ላድርግ? የገባው ሰው ካለ በናታችሁ፣ ነገ ማስረከብ አለብኝ።