ሥዕል የሌለው ጌም ምኑ ነው እንዲህ የሚይዘው?

ኮፒ ቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ያስቃል። እዚህ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለኝ። ስልኬ ላይ የኳስም የመኪናም ጌም ነበር፣ ሁሉንም አጠፋኋቸው። የቀረኝ ቶርን ብቻ ነው። ለማያውቀው ሰው፣ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ በብሮውዘር የሚከፈት የማፍያ ከተማ ነው። ትሰርቃለህ፣ ጂም ትሠራለህ፣ ተደብድበህ ሆስፒታል ትተኛለህ፤ ይኼ ሁሉ የሚሆነው ግን በጽሑፍ ነው። ትናንት አንዲት ተማሪ ሪሰርቿን ልታስጠርዝ መጣች። ማሽኑ እያተመ እኔ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ስታየኝ "ምን እያነበብክ ነው?" አለችኝ። ጌም ነው አልኳት። ስክሪኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ "ይኼማ የኔ ተርም ፔፐር ነው" ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው እኮ። ታዲያ ምኑ ነው የያዘኝ?

የታቦር ልጅ፦
እኔም እዛው ነኝ፣ ተገናኝተን ተደባድበን ይሆናል 😂 የያዘህ ጉልበቱ ነው። በየ15 ደቂቃው 5 ነው የሚሞላልህ፣ አንድ ሰው ለመግጠም 25 ያስፈልግሃል፣ ማለትም 1 ሰዓት ከሩብ መጠበቅ አለብህ። እስከዚያ ሂድ ሥራህን ሥራ እየተባልክ ነው። ልክ እንደ ቡና፣ አቦሉን ጠጥተህ ቶናው እስኪደርስ ትጫወታለህ፣ ማንም ስኒው ላይ አፍጥጦ አይቀመጥም። የኳሱ ጌም ግን ደንበኛ መጣ ብለህ ከለቀቅከው ገብቶብህ ነው የሚቆይህ። ደግሞ ፓኬጅ አይበላም፣ ኔትወርኩ ሲያቃስት እንኳ ይከፍታል።

ጨዋታ አቋርጫለሁ፦
ይቅርታ ወንድሜ፣ እኔ ይኼ ነገር አይዋጥልኝም። በየ15 ደቂቃው የሚሞላ ነገር በየ15 ደቂቃው ስልክህን እንድታይ ነው የተሠራው። እኔ ያንን ሳንቲም ታገኛላችሁ እየተባለ ስክሪን የሚነካውን የቴሌግራም ጌም ወራት ሙሉ ነክቼ ያተረፍኩት የአውራ ጣት ሕመም ነው። ይኼኛው ቢያንስ ያስነብባል፣ እሺ። ግን ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተህ ጉልበቴ ሞልቷል ወይ ብለህ አይተህ ታውቃለህ አታውቅም? እውነቱን ተናገር።

የታቦር ልጅ፦
አንዴ። ሁለቴ 🙈 ለእንዳንተ ዓይነቱ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ኪንግደም ኦፍ ሎዚንግ የሚባለው ጌም ይሻላል። በቀን 40 ተራ ይሰጥሃል፣ ጨረስክ? በቃ፣ ነገ ና። ሥዕሎቹ ልጅ ደብተር ላይ የሞነጫጨራቸው ይመስላሉ፣ ገንዘቡ ደግሞ ሥጋ ነው። በሁዳዴ ስከፍተው እናቴ አየችብኝና ምን እንደምላት ጠፋኝ።

ጋሼ፦
ልጆች፣ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ1978 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሮይ ትሩብሾ የሚባል ተማሪ መድ የሚባለውን ጌም ጀመረ፣ ጓደኛው ሪቻርድ ባርትል ቀጠለበት። "ወደ ሰሜን ሂድ" ብለህ ትጽፋለህ፣ ክፍሉን ይተርክልሃል፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ታወራዋለህ። የዛሬዎቹ በብዙ ሰው የሚጫወቱት ጌሞች ብዙዎቹ ዘራቸው ከዚያ ነው የሚመዘዘው። በኋላ በ1996 እ.ኤ.አ. ባርትል ተጫዋቾችን ለአራት ከፈላቸው፦ ደረጃ የሚሰበስብ፣ ጓዳ ጎድጓዳውን የሚያስስ፣ ለወሬ የሚገባ፣ ሌላውን ለማጥቃት የሚገባ። ኮፒ ቤት፣ አንተ የትኛው ነህ? ያንን ካወቅህ ጥያቄህ ተመለሰ።

ሰሊ፦
"ሥዕል የሌለው" ስትሉ ሳቄ መጣ። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፣ ለእኔ የትኛውም ጌም ሥዕል የለውም። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን አኬያ የሚባል የጽሑፍ ጌም ነው የምጫወተው፣ ለስክሪን ሪደር (ጽሑፉን በድምፅ ለሚያነብልኝ ፕሮግራም) የሚሆን ማስተካከያ ስላለው ትርፍ ምልክቱን ይቀንስልኛል። ፍቅር ሐይቅ ዳር እቀመጣለሁ፣ አንድ ጆሮዬ ላይ ኢርፎን፣ በሌላው ባጃጁንና ዓሣ የሚለምኑትን አባ ኮዳዎች እሰማለሁ። በዚያኛው ዓለም እኔ ዓይነ ስውር መሆኔን ማንም አይጠይቅም፣ ሁላችንም የምናየው የተጻፈውን ብቻ ነው፣ እንዲያውም እኔ ሪደሩን አፍጥኜ ስለማዳምጥ ከብዙዎቹ እቀድማለሁ። ደግሞስ አያቴ "እንቆቅልህ" ስትለኝ፣ እኔም "ምን አውቅልህ" ስላት፣ ሲያቅተኝ አገር ስሰጣት ምን ስክሪን ነበረን? ጎንደርን ሰጥቼያት ስትሰድበኝ ያመሸችውን አልረሳም።

ጨዋታ አቋርጫለሁ፦
ሰሊ፣ እጅ ሰጥቻለሁ። ሀዋሳን ሰጠሁሽ።

ሰሊ፦
ሀዋሳ የኔው ናት፣ ሌላ አምጣ 😄

ኮፒ ቤት፦
ጋሼ፣ ወሬኛው ነኝ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ከሁለት ሳምንት ወዲህ አንድም ሰው አልደበደብኩም፣ ቻቱ ላይ ነው የምውለው፣ አንዱ ብራዚላዊ ስለ ቡና ሲጨቃጨቀኝ። ሰሊ፣ አኬያ ላይ ለጀማሪ ምን ልምረጥ? ኧረ ቆይ፣ ማሽኑ ወረቀት ጎረሰ፣ እመለሳለሁ።