ቆዳዬ ቀላል ነው፣ ሲአርፒው ግን አልወርድ አለ

ሶሪያሲስ የሚባለው ቅርፊት የሚያወጣ የቆዳ በሽታ አለብኝ። ክርኔ፣ ጉልበቴና ጭንቅላቴ ላይ ነው፤ ቢደመር ከሰውነቴ 3 በመቶ አይሞላም፣ "ቀላል" የሚባለው ዓይነት። ቤታሜታሶን ስቀባ ቅርፊቱ ይረግፋል፣ ሳቆም ይመለሳል። እሱን ለምጄዋለሁ። ግራ ያጋባኝ ደሜ ነው። በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁመው ሲአርፒ 18 ሆነ፤ የላቦራቶሪው ወረቀት ከ5 በታች ይላል። ኢንፌክሽን ይሆናል ተብሎ ቆይቼ ደገምኩት፣ ያው ነው። ውፍረትም ሲአርፒን ከፍ እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ቀጭን ነኝ። ጠዋት ጣቶቼ ለአንድ ሰዓት ያህል አልታጠፍ ይላሉ፣ ጥፍሮቼም ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ወጥተዋል። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታየው የደም ምርመራ፣ ሩማቶይድ ፋክተር፣ ነጋቲቭ ነው። የቆዳ ሐኪሟ "ቆዳሽ ይሄን ያህል አይደለም" ብላ ያንኑ ቅባት ጻፈችልኝ። ቆዳችሁ ቀላል ሆኖ ብግነቱ ከመገጣጠሚያ የመጣባችሁ ካላችሁ፣ በየትኛው ምርመራ ነው የተረጋገጠላችሁ?